«ወዳ ነው እንጂ!»

ባለፈው ሳምንት ስለ ቅናት የጀመርነውን ጨዋታ ዛሬ እቀጥላለሁ ብዬ ቃል ገብቼ ነበር። ይቅርታ አድርጉልኝና ለሳምንት አሳድሬዋለሁ። ምክንያቱም ማክሰኞ ዕለት አንድ ደብዳቤ ደረሰኝ፤ ሦስት ጊዜ አነበብኩት። የጸሐፊዋን ማንነት የሚገልጹትን ነገሮች ቀይሬ፣ ሐሳቧን ሳልነካ እንዲህ አቀርብላችኋለሁ።

«ዕድሜዬ 24 ነው። በአንድ የግል መሥሪያ ቤት በሒሳብ ክፍል እሠራለሁ። ከእጮኛዬ ጋር ከተዋወቅን 3 ዓመት ሊሞላን ነው። ሠርጋችን ከፋሲካ በኋላ እንዲሆን ሽማግሌዎች ተነጋግረው ቀን ተቆርጧል፤ ለአዳራሹም ቀብድ ከፍለናል።

አንድ ቅዳሜ ማታ እኛ ቤት፣ እኔ፣ እሱ፣ ታናሽ እህቴና ወንድሜ ሆነን ተከታታይ ድራማ እናያለን። ሰውዬው ልጅቷን ተከትሎ ክፍሏ ገባና በሩን በእግሩ ዘጋው። ‹ተው፣ ውጣ› ትለዋለች። ግድግዳ ላይ አስደግፎ ሳማት። በቡጢ ደረቱን ትደበድበዋለች። ከዚያ እጇ ቀስ እያለ፣ ቀስ እያለ መጣና አንገቱ ላይ ተጠመጠመ። ሙዚቃው ተለቀቀ፣ መብራቱ ጠፋ። የ16 ዓመቷ እህቴ ‹ውይ ሲያምሩ!› አለች። እኔ ሳላስበው ‹ይሄ እኮ መድፈር ነው› አልኩ። እጮኛዬ ከት ብሎ ሳቀና ‹አንቺ ደግሞ! ወዳ ነው እንጂ። ካልፈለገች ትጮህ አልነበር?› አለኝ። ሁሉም ሳቁ። እኔም አብሬያቸው ሳቅኩ።

ሌሊቱን ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ። የእኛም የመጀመሪያ ቀን እንደዚያው ነበርና። ሦስት ጊዜ ‹ዛሬ አይሆንም› ብዬዋለሁ። አልጮኽኩም። የጓደኛው ቤት ነበር፤ ጎረቤት ይሰማል ብዬ አፈርኩ። ከዚያ በቃ ዝም አልኩ። በማግስቱ አበባ ይዞልኝ መጣ። እሱ ያንን ቀን ‹የፍቅራችን ልደት› ይለዋል፤ በየዓመቱ እራት ይጋብዘኛል። እኔም ሁለት ዓመት ሙሉ እንደዚያው ስጠራው ኖሬአለሁ። ክፉ ሰው አይደለም። ይወደኛል፣ ለእናቴም ደግ ነው። ግን ያን ማታ ሲስቅ ካየሁት ወዲህ እጁን ትከሻዬ ላይ ሲያሳርፍ ሰውነቴ ይሸማቀቃል። ለመሆኑ ጤነኛ ነኝ? ድራማ ነው ያሳበደኝ? ምን ላድርግ?»

ደብዳቤው እዚህ ላይ ያበቃል።

የኔ እህት፣ አላበድሽም። ስለ አንቺና ስለ እሱ ወደ ኋላ ላይ እመለስበታለሁ፤ ነገሩን ችላ ብዬ እንዳይመስልሽ። መጀመሪያ ግን ያ ሳቅ ከየት እንደመጣ መነጋገር አለብን። እጮኛሽ ያችን «ወዳ ነው እንጂ» የምትል ቃል ከራሱ አላመነጫትም። ተምሯት ነው። እኛም ሁላችን ተምረናታል።

እስቲ ልጠይቃችሁ፤ እህታችን የገለጸችውን ትዕይንት ስንት ጊዜ አይታችኋል? በጣቶቻችሁ ቆጥራችሁ የምትጨርሱት አይመስለኝም። ቡጢው፣ ከዚያ የቡጢው መላላት፣ ከዚያ እጁ አንገት ላይ መጠምጠሙ። የእኔ ትውልድ በሲኒማ ራስ በርና በየሰፈሩ ቪዲዮ ቤት የህንድ ፊልም እያየ ነው ያደገው። እዚያ ደግሞ ፍቅር የሚጀምረው በማሳደድ ነው። ጀግናው ልጅቷን በየመንገዱ ይከተላታል፣ ሻርፕዋን ይስባል፣ መንገዷን ይዘጋል። እሷ ትሳደባለች፤ ሦስት ዘፈን ካለፈ በኋላ ደግሞ ሳር ላይ አብረው ይንከባለላሉ። የኮሪያዎቹ መጡ፤ እዚያ ልጅቷ ሄድኩ ስትል ክንዷን ጨምድዶ ይመልሳታል፤ ካሜራው የተጨመደደውን ክንድ ሳይሆን የሱን ዓይን ነው የሚያሳየን። በ2008 ዓ.ም ቃና ቴሌቪዥን ሥርጭት ሲጀምር ደግሞ የቱርክ ድራማ በአማርኛ እየተናገረ ሳሎናችን ገባ። ከዚያ በኋላ ቤተሰብ በሙሉ፣ ከአያት እስከ ሕፃን፣ አንድ ሶፋ ላይ ተደርድሮ የሚያየው ነገር ሆነ። እዚህ ላይ ቱርኮቹን ብቻ መኮነን ልክ አይሆንም። የራሳችን ፊልሞችም ቢሆኑ «ሴት ልጅ ትግደረደራለች፤ ወንድ ልጅ ተስፋ አይቆርጥም» በሚለው ስሌት ስንት ኮሜዲ ሠርተዋል!

የነዚህ ሁሉ ትዕይንቶች ተንኮል ምን መሰላችሁ? ተመልካቹ የልጅቷን ልብ አስቀድሞ እንዲያውቅ መደረጉ ነው። ካለፈው ክፍል ጀምሮ እንደምትወደው አይተናል፤ ፎቶውን ትራሷ ሥር ደብቃዋለች፣ ለጓደኛዋ አልቅሳ ነግራታለች። ስለዚህ «ተው» ስትል «ውሸቷን ነው» እንላለን። ልክም ነን፤ ደራሲው ነግሮናላ! በእውነተኛው ኑሮ ግን ትራስ ሥር ያለውን ፎቶ የሚያሳይ ካሜራ የለም። ወንዱ እጅ ላይ ያለው ማስረጃ አንድ ብቻ ነው፤ የአፏ ቃል። ደግሞም ልብ በሉ፤ ትወደዋለች ማለት ዛሬ ማታ ትፈልጋለች ማለት አይደለም። ይሄ ሁለት ነገር ነው። ድራማው አንድ አድርጎ ይሸጥልናል።

ነገሩ ዛሬ የተጀመረ አይደለም። በአሜሪካ «ጄኔራል ሆስፒታል» የሚባል እ.ኤ.አ. በ1963 የጀመረ የቀን ድራማ አለ። በ1979 ሉክ የተባለው ገጸ ባሕርይ ሎራ የተባለችውን፣ ሰው በሌለበት ጭፈራ ቤት ወለል ላይ፣ እየተቃወመችው ደፈራት። ተዋናይዋ ጂኒ ፍራንሲስ ያኔ 17 ዓመቷ ነበር። ታዲያ ተመልካቹ ምን አለ? በሉክ ላይ የተነሳበት ሰው ጥቂት ነው፤ አብዛኛው ወደደው። አዘጋጆቹም ነፋሱን አይተው ታሪኩን አዞሩት፤ «መድፈር» የተባለው ነገር ቀስ በቀስ «ማማለል» ተባለ። በኅዳር ወር 1981 ሁለቱ ተጋቡ። ሠርጋቸውን 30 ሚሊዮን ያህል ሰው በቴሌቪዥን አየው፤ ኤልሳቤጥ ቴይለር ሳትቀር በእንግድነት ተውናበታለች። በአሜሪካ የቀን ድራማ ታሪክ ያን ያህል ተመልካች ያገኘ የለም። እንግዲህ አስቡት፤ ያገሩ ሕዝብ ሥራ አስፈትቶ እልል ያለላት ሙሽራ፣ በገዛ ደፋሪዋ ነው የተዳረችው። ድራማው ራሱ ወደዚያ ሌሊት ተመልሶ ስሙን በስሙ የጠራው በ1998 ነው፤ ወንድ ልጃቸው አድጎ ነገሩን ሲሰማና አባቱን ሲያፋጥጥ። 19 ዓመት ፈጅቷል ማለት ነው። እህቴ፣ አንቺ በሁለት ዓመትሽ ነው የነቃሽው።

«እሱ የፈረንጅ ጉድ ነው» የሚል አንባቢ አይጠፋም። እስቲ እናቶቻችንን እንጠይቅ። በስንቱ አገር ቤት ሠርግ ሙሽራ እምቢ ማለት፣ መታገል፣ ማልቀስ ይጠበቅባት ነበር፤ ቶሎ እሺ ያለች እንደሆነ «ለምዳ ኖሯል» ትባላለቻ! ሚዜ ደጅ ሆኖ የብር አምባር ዜና ይጠብቃል። ጨዋዋም የምትታገለው፣ ያልፈለገችዋም የምትታገለው ከሆነ ታዲያ ሁለቱን በምን ይለዩአቸው? መለየት አያስፈልግም ነበር፤ ጉዳዩ ያ ነው። ጠለፋውስ? ልጅቷን ከምንጭ መንገድ አፍሶ ወስዶ፣ ደፍሮ፣ ከዚያ ሽማግሌ መላክ። ይሄ ሁሉ በባህል ስም የኖረ ነው። ሕጉም ቢሆን ከባህሉ እምብዛም አልራቀም ነበር። በ1949 ዓ.ም የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ፣ ጠላፊው የጠለፋትን ልጅ «በፈቃዷ» ካገባ አይከሰስም ይል ነበር። ተጠልፋ፣ ተደፍራ፣ ቤተሰቧ አንገቱን ደፍቶ የሰጠችው «ፈቃድ» ምን ዓይነት ፈቃድ እንደሆነ እናንተው ፍረዱ። ይህ የቀረው ከግንቦት 1997 ዓ.ም ጀምሮ በሥራ ላይ በዋለው የወንጀል ሕግ ነው። አንቀጽ 587 ጠላፊን ከ3 እስከ 10 ዓመት ጽኑ እስራት ይቀጣል፤ ማግባቱም አያድነውም።

ስለ ጠለፋ ከተነሳ ዘንድ «ድፍረት» የተባለውን የዘረሰናይ ብርሃነ መሓሪ ፊልም የምታስታውሱ ትኖራላችሁ። የጠለፋትን ሰው ተኩሳ የገደለች ታዳጊና ጠበቃዋ ታሪክ ነው፤ በ1980ዎቹ መጨረሻ በእውነት የሆነ ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 በሰንዳንስም በበርሊንም የተመልካቾች ሽልማት አገኘ። አዲስ አበባ ላይ ሊመረቅ በተዘጋጀበት ምሽት ግን ሰው ወንበር ይዞ ሳለ በፍርድ ቤት እግድ ቆመ። ለምን? ባለታሪኳ «ታሪኬ ያለ ፈቃዴ ተሠራ» ብላ ነበር። በኋላ መንገዱ ተከፍቶለት ታይቷል። እኔ ግን ያንን ምሽት አልረሳውም፤ ስለ ፈቃድ በተሠራ ፊልም ላይ እንኳ ፈቃድ ሲያጨቃጭቅ!

አሁን ወደ ቱርኮቹ ልመልሳችሁ፤ ምክንያቱም ለእህታችን ጥያቄ ከሁሉ የቀረበው ድራማ የነሱ ነውና። «የፋትማጉል ጥፋት ምንድን ነው?» ይባላል፤ እ.ኤ.አ. ከ2010 እስከ 2012 በቱርክ ታይቶ ብዙ አገር የዞረ ነው። ከቬዳት ቱርካሊ ድርሰት በ1986 ፊልም ሆኖ ነበር። በተከታታይ ድራማው ፋትማጉልን የምትጫወተው ቤረን ሳት ናት። ታሪኩ እንዲህ ነው። ፋትማጉል በባሕር ዳርቻ መንደር የምትኖር፣ ለአንድ ዓሣ አጥማጅ የታጨች ልጅ ናት። አንድ ሌሊት በመጠጥ የሰከሩ የሀብታም ልጆችና አብሯቸው የነበረ ከሪም የተባለ የመንደሩ ወጣት መንገድ ላይ አገኟት፤ ደፈሯት። ከዚያ በኋላ የሆነውን ነው እንድታዩልኝ የምፈልገው። የወንድሟ ሚስት ገንዘብ ተቀብላ አፏን አስያዘቻት። እጮኛዋ ወንጀለኞቹን ትቶ እሷን ጠላት፤ ሊኖሩበት የሠራውን ቤት አቃጥሎ ሄደ። ሀብታሞቹ ደግሞ ጠበቃ ቀጠሩና ከሪምን አግባት አሉት። ለምን ቢባል፣ የቱርክ የቀድሞው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 434 ደፋሪው ተደፋሪዋን ካገባ ክሱም ቅጣቱም እንዲቆም ያደርግ ነበር፤ አንዱ ሲያገባ ግብረ አበሮቹም ይተርፋሉ። ይህ አንቀጽ ከ2005 ወዲህ የለም። አያችሁ አይደል? የኛው ሕግ መንትያ! በአንድ ወቅት፣ በአንድ ዓመት ውስጥ ነው ሁለቱም የቀሩት።

ድራማው በቱርክ ብዙ አጨቃጨቀ። የመጀመሪያውን ክፍል የመድፈር ትዕይንት «ይሄን ማሳየት ለምን አስፈለገ?» ያለ አለ። «ማሳየት ሳይሆን መደበቅ ነው የጎዳን» ያለም አለ። የኔ ቅሬታ ሌላ ነው። ከሪም ያን ሌሊት እዚያው ነበር እንጂ እንዳልነካት በኋላ እንሰማለን፤ ፋትማጉልም ስንት ክፍል ካለፈ በኋላ ትወደዋለች። ጸሐፊዎቹ እዚህ ላይ ትንሽ ሸውደውናል። እጁን ንጹሕ ያደረጉት እንድንወደው ነው። እያየ አላስጣለማ! እሱንስ ምን እናድርገው?

ሆኖም አንድ ነገር አሳምረው ሠርተዋል። ከሪም በወረቀት ባሏ ነው። አንድ ጣሪያ ሥር ነው የሚኖሩት። አንድም ቀን ግን «ሚስቴ ነሽ» ብሎ እጁን አልዘረጋም። ስትደነግጥ ወደ ኋላ ይላል፤ በር ያንኳኳል፤ ይጠብቃል። በወራት አይደለም፣ በስንት ክፍል ነው የጠበቀው! እሷ ደግሞ ዝም ብላ አልተቀመጠችም፤ ከሰሰች፣ ሚሊዮኖች እያዩ ፍርድ ቤት ቆመች፣ አስፈረደች። እንግዲህ «የመጠበቅ ፍቅር ይሰለቻል፣ ድራማ አይሆንም» የሚል ደራሲ ካለ ይኸውና ማስረጃው። ተመልካቹ ሁለት ዓመት ሙሉ ጠብቆታል።

ደራሲና ተመልካች ግን ሁልጊዜ አይግባቡም። «ጌም ኦፍ ትሮንስ»ን ልጅ እግሮቹ በፍላሽ ስትቀባበሉት ስለነበር አላብራራም። እ.ኤ.አ. በ2014፣ በአራተኛው ምዕራፍ፣ ጄሚ ሰርሴን በልጃቸው አስከሬን አጠገብ የያዛትን ትዕይንት ታስታውሳላችሁ። (ወንድምና እህት መሆናቸውን ለጊዜው እንተወው፤ አንድ ችግር ለአንድ ቀን ይበቃል።) ሰርሴ «ተው፣ ልክ አይደለም» እያለች ነው ትዕይንቱ የሚያልቀው። የክፍሉ ዳይሬክተር አሌክስ ግሬቭስ ሲጠየቅ፣ መጨረሻ ላይ እሷም ትፈቅዳለች የሚል ነገር ተናገረ። ተመልካቹ «የት ላይ?» ብሎ ጮኸ። መጽሐፉን ያነበቡት ደግሞ እዚያ ላይ እሷ እንደምትፈቅድ በግልጽ ተጽፏል አሉ። እንግዲህ ይሄ ነው አስፈሪው። ያንን ትዕይንት የቀረጸው ሰው፣ ካሜራ ይዞ፣ መብራት አስተካክሎ፣ ደጋግሞ አይቶት፣ ፈቃድ ያየበት ቦታ ሚሊዮኖች መድፈር አዩ። አንድ ባለሙያ በሥራ ሰዓቱ እንደዚህ ከተሳሳተ፣ በጓደኛ ቤት ጨለማ ውስጥ ያለ የ20ዎቹ ወጣት ምን ያህል ሊሳሳት እንደሚችል ገምቱ። ስህተቱን ትንሽ የሚያደርገው እንዳይመስላችሁ።

በዓመቱ፣ በ2015፣ እዚያው ድራማ ላይ የሳንሳ የሠርግ ሌሊት ታየ። ያኔ ተመልካች ማጉረምረሙን ትቶ ማየት አቆመ፤ አንዲት የአሜሪካ ሴናተር እንኳ ከእንግዲህ አላየውም ብላለች። ከዚያ ወዲህ የተለወጠ ነገር አለ። ድራማውን የሚያቀርበው ኤች.ቢ.ኦ ከ2018 ጀምሮ የአልጋ ትዕይንት በሚቀረጽበት ሁሉ የተዋናዮቹን ስምምነት የሚከታተል ባለሙያ ይመድባል። እጅ የት ያርፋል፣ የት አያርፍም፣ ማን ምን ፈቀደ፤ ቀድሞ ይነገራል። ለትወናው ፈቃድ ከተጠየቀ ለእውነተኛው ምን ያህል!

ወንዶቹንም አልረሳኋችሁም። እ.ኤ.አ. በ2020 መጨረሻ በወጣው «ብሪጀርተን» ላይ ባልየው እየተቃወመ ሚስቱ ልጅ ለማርገዝ ስትል የፈለገችውን አደረገች። ብዙ ተመልካች «ይሄው ነገር ተገልብጦ ቢሆን ምን ትሉ ነበር?» ብሎ ጠየቀ። ልክ ጥያቄ ነው። ወንድ ልጅም እምቢ ይላል፤ እምቢታው ደግሞ ያስቃል ተብሎ ስለሚታሰብ ለማንም አይናገርም። ለዚህ ዓምድ እንዲህ ያለ ደብዳቤ የጻፉልኝ ወንዶች አሉ፤ ሁሉም «ስሜን እንዳታወጪ» የሚለውን ሁለቴ አስምረውበታል።

«ታዲያ ድራማ ነው እንዴ ሰውን የሚያበላሸው?» ልትሉኝ ነው። እንዲያ አልወጣኝም። በ2015 በአሜሪካ የታተመ አንድ ጥናት ግን ትዝ ይለኛል። 313 የኮሌጅ አንደኛ ዓመት ተማሪዎችን የትኛውን የወንጀል ድራማ እንደሚያዩ ጠየቋቸው። ደፋሪዎች ተይዘው ሲፈረድባቸው የሚያሳየውን «ሎው ኤንድ ኦርደር» የሚያዩት፣ «እምቢታን አከብራለሁ» የማለት ዝንባሌያቸው ከፍ ያለ ሆኖ ተገኘ። «ሲ.ኤስ.አይ» የሚያዩት ደግሞ በተቃራኒው ዝቅ ያለ። ሁለቱም የፖሊስ ድራማ ናቸው፤ ልዩነቱ ምን ታሪክ እንደሚነግሩ ነው። እርግጥ ድራማው ነው ሰዎቹን የለወጣቸው ወይስ ሰዎቹ ናቸው የሚመስላቸውን የመረጡት፣ እንዲህ ያለ ጥናት አይለየውም። በኛም አገር እ.ኤ.አ. ከ2002 እስከ 2004 በኢትዮጵያ ሬዲዮ «የቀን ቅኝት» የሚባል 257 ክፍል ድራማ ሲተላለፍ፣ አድማጭ በሺዎች የሚቆጠር ደብዳቤ ይልክ ነበር፤ የራሱን ጉድ ጭምር እየጻፈ። ድራማ ማለት እንደዚህ ነው፤ ሰው በራሱ ስም የማያወራውን በገጸ ባሕርይ ስም ያወራል። እህታችን ሶፋው ላይ ያደረገችውም ይኸንኑ ነው።

አንድ ቅሬታ ከወጣቶች ደጋግሞ ይደርሰኛል። «እየጠየቁ መሳም ሙድ ይሰብራል» ይሉኛል። እስቲ «ኖርማል ፒፕል» የተባለውን የ2020 የአይሪሽ ድራማ ያየ ይመስክር። ሁለት የሃይ ስኩል ተማሪዎች ናቸው። የመጀመሪያቸው ቀን ላይ ልጁ፣ ማቆም ከፈለገች እንደሚያቆሙና ምንም እንደማያሳፍር ይነግራታል። ይኸው ነው። ግማሽ ደቂቃ አይሞላም። አየርላንድ ውስጥ ሬዲዮ ጣቢያ እየደወሉ «ይሄ ራቁትነት ምንድን ነው?» ብለው የተቆጡ አዋቂዎች ነበሩ፤ ልጆቹ ግን ያችን ጥያቄ ነው የወደዷት። ሙድ አልሰበረም። እንዲያውም እንደዚያ የተጠየቀች ልጅ ናት ሰውነቷን የምትለቀው። ደግሞ በአማርኛ «ትፈቅጂልኛለሽ?» እያለ ችሎት ያስመስለው አላልኩም። «ደህና ነሽ?»፣ «እንተወው እንዴ?»፣ «እየፈራሽ ነው?» ማንም የሚያውቃቸው ቃላት ናቸው። መልሱ ዝምታ ከሆነ ደግሞ ዝምታው መልስ አይደለም። ሰው ሲደነግጥ ይደርቃል፤ ድምፁ ይጠፋል። «ትጮህ አልነበር?» የሚለው ጥያቄ የሚመጣው ደንግጦ ከማያውቅ ሰው ነው።

አሁን የኔ እህት፣ ወዳንቺ።

ያ ቀን ምን እንደሚባል እንድነግርሽ ፈልገሽ ከሆነ፣ ሦስት ጊዜ አይሆንም ብለሻል፤ ከዚያ በኋላ የሆነው ያለ ፈቃድሽ የሆነ ነው። ኋላ መውደድሽ፣ አበባውን መቀበልሽ፣ እራቱን መብላትሽ ያንን ሌሊት ወደ ኋላ ሄዶ አይቀይረውም። አንቺም አላታለልሽም፤ እንዳይሰብርሽ ስም አውጥተሽለት ነበር፣ ስሙ አሁን ወለቀ። ሕጉን ካነሳን፣ የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 620 ሴትን አስገድዶ መድፈርን ከ5 እስከ 15 ዓመት ያስቀጣል። አንቀጹ ግን «ከጋብቻ ውጭ» የሚል ቃል አለበት። ይህች ቃል ለእኔ ትልቅ ነውር ናት፤ የምነግርሽ ግን ለሌላ ምክንያት ነው። ከፋሲካ በኋላ ከሚመጣው ቀን ወዲያ «አይሆንም» ስትይ ከኋላሽ የሚቆም ሕግ ይሳሳል ማለት ነው። ከኋላሽ የሚቆመው የሰውየው ጠባይ ብቻ ይሆናል። ስለዚህ ጠባዩን አሁን እወቂው።

እንዴት? ንገሪው። ቀን፣ ሰው ባለበት አካባቢ፣ ካፌም ይሁን። አንድ የምታምኛት ሰው የት እንዳለሽ ትወቅ። «ያ አንተ የፍቅራችን ልደት የምትለው ቀን፣ እኔ ሦስት ጊዜ አይሆንም ብዬህ ነበር፤ ታስታውሳለህ?» በይው። ከዚያ ዝም በይና ስሚው። «አንቺም እኮ ወደሽ ነው» ካለ፣ ወይም ከሳቀ፣ ወይም «ማን ይሄን አስተማረሽ፣ ድራማ ነው ያበላሸሽ» ብሎ ከተቆጣ፣ መልስሽን አግኝተሻል። ከደነገጠ፣ ከጠየቀሽ፣ ስለራሱ ስም ሳይሆን ስላንቺ ካሰበ፣ እሱም መልስ ነው፤ ግን ይቅርታ ማለት ያንቺ ግዴታ አይሆንም፣ ቀነ ገደብም የለውም። ሰውነትሽ እንዲሸማቀቅ የሚያደርገውን ነገር «ሠርግ ሲደርስ ይለቀኛል» ብለሽ አትለፊው። ሠርግ ይራዘማል። ሽማግሌ ይቀየማል፣ ይታረቃል።

ሌላው፣ ብቻሽን አትሸከሚው። ለአንድ ሰው ተናገሪ፤ የምክር አገልግሎት የሚሰጥ ባለሙያ ቢሆን ይመረጣል። ይህን ለምታነቡ ሌሎችም፤ ነገሩ ትናንት ወይ ዛሬ የደረሰ ከሆነ ልብስ ሳታጥቡ፣ ገላ ሳትታጠቡ ሐኪም ቤት ሂዱ። ኤች.አይ.ቪን የሚከላከለው መድኃኒት የሚሠራው በ72 ሰዓት ውስጥ ሲጀመር ነው፤ የድንገተኛ እርግዝና መከላከያውም በቶሎ ሲሆን ነው። አዲስ አበባ ላይ በጋንዲ መታሰቢያ ሆስፒታል ሕክምናውን፣ ፖሊሱንና ዐቃቤ ሕጉን አንድ ላይ የምታገኙበት ማዕከል አለ። ከመድፈር ለመጣ እርግዝና ሕጉ ማቋረጥን ይፈቅዳል፤ ለሐኪሙ የሴቲቱ ቃል ይበቃል።

አንድ ነገር ደግሞ ስለ ታናሽ እህትሽ። 16 ዓመቷ ነው ብለሻል። «ውይ ሲያምሩ!» ስላለች አትቆጪያት። ዳግመኛ እንደዚያ ያለ ነገር ሲመጣ ሪሞቱን ያዢና እንዲህ ብለሽ ጠይቂያት፤ «ይሄ ልጅ ቆንጆ ባይሆን፣ ሙዚቃውም ባይኖር፣ ምን ትይው ነበር?» ድምፁን አጥፍታችሁ ደግማችሁ እዩት። እኔ ሞክሬዋለሁ። ሙዚቃው ሲጠፋ ትዕይንቱ ሌላ ነው።

ይህንን መልስ ለኅትመት ከማብቃቴ በፊት ለጸሐፊዋ በስልክ አንብቤላት ነበር። ሐሙስ ዕለት መልሳ ደወለችልኝ። ነግራዋለች። መጀመሪያ ሳቀ፤ ከዚያ እንደማትስቅ ሲያይ ዝም አለ። ረጅም ጊዜ ዝም ካለ በኋላ «ሦስት ጊዜ?» አላት። «ሦስት ጊዜ» አለችው። ሂሳብ ከፍሎ ወጣ፤ ማታ በሩ ድረስ መጥቶ ሳይገባ፣ ደጅ ቆሞ፣ የሚለው እንደጠፋው ነግሯት ሄደ። ምን እንደምትወስን ገና አታውቅም። ሠርጉን ግን አራዝመውታል። አዳራሹ ቀብድ አልመለሰም።

ሳምንት በቅናታችን እንገናኝ።